ጓደኛዋ በካልሲ የሄደች ቫልቭ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበርሽው መምህርት ዘኪያ፣
ጎሬ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ሰላምታ ለማቅረብ ሳይሆን አቤቱታ ለማሰማት ነው። ያለፈውን ደብዳቤሽን በቀይ እስክሪብቶ ጽፈሽ ላክሽልኝ!  እኔ እኮ ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁት ቀይ እስክሪብቶ ሸሽቼ ነው። ኤክሱ የት ጋ እንዳለ ለማየት ወረቀቱን ደጋግሜ አገላበጥኩት። አክስትሽ ሸምሲያ ከጀርባዬ ቆማ፣ «ስንት አገኘህ?» አለችኝ። «አልፌያለሁ» አልኳት። አላመነችም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ በሰማያዊ ጻፊ። ቀዩን ለእነዚያ ምስኪን ተማሪዎችሽ አስቀምጪላቸው።

በተረፈ ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። የአክስትሽ ጉልበትም ዝናቡ ሲያባራ አብሮ አባርቶላታል።

ተማሪዎችሽ፣ «ቲቸር፣ አጎትሽ የሚሸጡት ምንድን ነው?» ብለው ስላፋጠጡሽ እንዲህ በያቸው። ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት የሬዲዮ ሆድ ውስጥ የመስታወት አምፖሎች ነበሩ፤ ቫልቭ ይባላሉ። ሥራቸው ማብራት አይደለም፤ ከሩቅ የመጣውን ቀጭን ድምፅ አወፍረው ለጆሮ ማብቃት ነው። ያ ሬዲዮ እንደ ዛሬው ገና ሲነኩት አይለፈልፍም። የቫልቮቹ ክር እስኪቀላ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂዋለሽ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል። ያ ዘመን አለፈና ሬዲዮዎቹ ምናለሽ ተራ ወደቁ። አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች፣ «ዘፈን በቫልቭ ካልሆነ አይጣፍጥም» እያሉ ይፈልጓቸዋል። የእኔ ሥራ እንግዲህ ቆራሌውን መቅደም፣ ሬሳውን መክፈት፣ በሕይወት ያሉትን መለየትና ለሚወዳቸው መዳር ነው። ሐኪምም፣ ቀባሪም፣ ደላላም ነው በያቸው።

የቤቱን ነገር የሰማሽው እውነት ነው፤ ሊፈርስ ነው። ቀይ ቀለም የምትወጂው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ በመንደራችን ኤክስ ያልተደረገበት አጥር የለም። የእኛም በር ላይ አለ። ትንሽ ጠመም ስላለ፣ «አስተካክሉልኝ» ብዬ የቀቡትን ልጆች ጠየቅኳቸው። አልሳቁልኝም። በቦታው የሚሠራው ኮንዶሚኒየም አልቆ ዕጣ እስኪወጣልን አብነት አንዲት ክፍል ተከራይተናል።

«የጋሽ ጋይም ካርቶን የት ትገባለች?» ብለሻል። ሰው ሁሉ ስለ አልጋና ስለ ቁም ሳጥን ሲጠይቀኝ ስለ ካርቶኗ የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ የገባሁበት ትገባለች።

ያኔ ልጅ ስለነበርሽ ግማሹን ብቻ ታስታውሺ ይሆናል። እኔ የወሎ፣ እሱ የአስመራ ልጅ፤ ሁለታችንም ከተበላሸ ሬዲዮ በቀር አስተማሪ አልነበረንም። ያቺን የጥገና ቤት ስንከፍት ሥራ ተከፋፈልን፤ እኔ እሰበስባለሁ፣ እሱ ይለያል። ሁለት ቫልቮች በአንድ ማጉያ ውስጥ እንደ ጥማድ በሬ እኩል መሳብ አለባቸው። አንዷ ከለገመች ዘፈኑ ያነክሳል። ጋይም ጥማዱን በጆሮው ያውቅ ነበር። ማጉያው እየሠራ ቫልቯን በእርሳስ ጫፍ ሁለቴ ፈጠን አድርጎ ጠቅ ጠቅ ያደርጋታል፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ አንዴ ጠቅ። ደህናዋ ዝም ትላለች። የታመመችው እንደ ደወል ታቃጭላለች።

የዘጠናው ክረምት መጣ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ ብዙ ሰው ከአገር እንዲወጣ ሲደረግ ጋይምና ሚስቱ አባዲትም፣ ሕፃኗን ኬብሮንን አዝለው፣ አውቶቡስ ላይ ወጡ። ከመሳፈሩ በፊት ከቫልቮቹ ድርሻውን በካርቶን አድርጎ በአረንጓዴ የኤሌክትሪክ ሽቦ አሰረና «አደራ» አለኝ። ከነበሩን ሁሉ የሚበልጠውን ጥማድ ግን ለያየው። አንዷን ካልሲ ውስጥ ከቶ ኪሱ አደረጋት፤ ጓደኛዋን ለእኔ ሰጠኝ። «አንዷ ያለ አንዷ አትሸጥም» አለ፤ «ስለዚህ አንተም አትሸጣትም፣ እኔም አልሸጣትም። ተያዝን!» ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅኩለትም።

እና ቤቱ ይፍረስ። ጣሪያው ያፈስ እንደነበር ታውቂያለሽ። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲመለስ ወደሚያውቀው በር ነው የሚመጣው። በሩ ከሌለስ?

አጎትሽ
ሰላሃዲን

✦

ጎሬ
ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይኸው በሰማያዊ። ፈተና እያረምኩ ስለነበር ነው፤ ይቅር በሉኝ። ደብዳቤዎን ግን አርሜዋለሁ፤ ከአሥር ስምንት አግኝተዋል። ሁለቱ የተቀነሰው ስለ ካርቶኗ የጠየቅኩዎትን በቀልድ ስላለፉት ነው።

እኔ ከሚያስቡት በላይ አስታውሳለሁ። ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ የጋሽ ጋይምን እርሳስ አዳምጥ ነበር። ጠቅ ጠቅ... ከዚያ ያ ዝምታ። ትንፋሼን እይዝ ነበር፤ የተነፈስኩ እንደሆነ ቫልቯ የምትሞት ይመስለኝ ነበር። እሳቸውም እርሳሱን ሰቅለው ከጠረጴዛው ሥር ያዩኝና፣ «ዶክተር ዘኪያ፣ እንዴት ናት?» ይሉኛል። «ትድናለች» ካልኩ ነው ሦስተኛዋን የሚመቷት። አሁንም ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሲንጫጩብኝ ጠረጴዛውን በጠመኔ እንደዚያው እመታለሁ። ይሠራል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለፈው ሳምንት አክስቴ ጋ ደውዬ ነበር። «አጎትሽን ምግብ ዘግቶታል» አለችኝ። ለምን ስላት ድምፅዋ ተለወጠ። «በእኔ ነው» አለችና ስልኩ ተቆረጠ። እኔ እስከማውቀው የጎሬ ስልክ በራሱ ሲቆረጥና ሰው ሲቆርጠው ልዩነት አለው። ካርቶኗ ምን ሆነች? ተሰበረች? እውነቱን ይጻፉልኝ፤ ቀልዱን ከእውነቱ በኋላ ያድርጉት።

የእርስዎ
ዘኪያ

✦

አብነት፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዘኪያዬ፣

እውነቱ፤ ካርቶኗ አልተሰበረችም። ታጠበች።

ልንወጣ ስንሰናዳ እኔ ምናለሽ ተራ ነበርኩ። አክስትሽ ሽቦውን ፈታች፤ አንዳንዷን ቫልቭ በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ፈትጋ፣ አድርቃ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ መልሳ አስቀመጠች። ስመጣ ፊቷ ይበራ ነበር። «የሰው አደራ በአቧራ አይመለስም» አለችኝ።

ጥፋቱን ለማያውቅ ሰው ጥፋት አይመስልም። የቫልቭ ስም መስታወቱ ላይ በስስ ቀለም የታተመ ቁጥር ነው፤ እንኳን ሳሙና ላብ ያለው ጣት ያጠፋዋል። የጋይም ቫልቮች ሁሉ ስማቸው ታጥቦ ሄደ። ከውጭ ሲያዩአቸው ደግሞ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ስም የሌለው ቫልቭ መንገድ ላይ እንደተገኘ ቁልፍ ነው፤ የየትኛው በር እንደሆነ ማን ያውቃል? አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ? አደራ አክብራ ነው ያበላሸችው። ብቻ እህል አልቀምስ አልኩ።

እሷ ደግሞ ቁጣ ስትጠብቅ ዝምታ ስላገኘች ይብስ ታመመች። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ተኮራርፎ ሲኖር ምን እንደሚመስል አግብተሽ ታይዋለሽ፤ አንዱ ሲዞር ሌላው መዞር አለበት።

አንድ ቀን ጧት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ አንዷን አንስቼ ወደ መስኮቱ ያዝኳትና በረጅሙ ተነፈስኩ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ተክዤ ነው። ትንፋሼ መስታወቱ ላይ እንደ ጉም አረፈ። በጉሙ መሐል ቁጥሩ ብቅ አለ! ሙሉው፣ ፊደሉም ቁጥሩም። አየሁትና ጠፋ። እንደገና ተነፈስኩ፤ እንደገና መጣ። ቀለሙ ቢታጠብም ለብዙ ዓመት የተቀመጠበት ቦታ መስታወቱ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

«ሸምሲያ!» ብዬ ጮኽኩ። ስንት ቀን ያላናገርኳት ሴትዮ ሊጥ በእጇ ይዛ መጣች። «ተንፍሺ!» አልኳት። «አበድክ?» አለችኝ። «ተንፍሺ ስልሽ!» ተነፈሰች። ቁጥሩን ስታይ ሊጡን ፊቴ ላይ አበሰችውና አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት እኔ እተነፍሳለሁ፣ እሷ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ አንገታቸው ላይ በክር ታስራለች። ጎረቤታችን በመስኮት አይታ፣ «ባልና ሚስቱ ጠርሙስ ላይ ሲደግሙ ያድራሉ» ብላ አስወርታብናለች። ክብራችን ጨምሯል። ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው እስካሁን ስማቸውን ያልተናገሩት። በሕይወት እንዳሉ ግን አውቃለሁ፤ የቫልቭ አናት ላይ ያለው ብርማ ቀለም ነጭ ከሆነ አየር ገብቶ ሞታለች ማለት ነው። የጋይም ሁሉም እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ።

የበሩን ነገር በሚመለከት መላ አግኝቻለሁ። ሁሉም ቢፈርስ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አትፈርስም፤ ጋይም ደግሞ ልደታ ማርያምን ሳይሳለም ወደ ማንም ቤት አይሄድም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኗ ዘበኛ ጋሽ ሙለታ ዘንድ ሄጄ ሬዲዮናቸውን በነፃ ጠገንኩላቸው። በምትኩ፣ «ጋይም የሚባል ሰው ሰላሃዲንን ከጠየቀዎት አብነት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚለውን አስጠናኋቸው። ሰኞ ሰኞ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ወፍጮ ቤቱን ዘነጉ፤ ሬዲዮኑን መልሼ አበላሸዋለሁ ብዬ አስፈራራኋቸው።

ሁለቱን ነጥብ ጨምሪልኝ።

አጎትሽ

✦

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእማማ ዘኪያ!

እንኳን ማርያም ማረችሽ ልበል ወይስ ሙባረክ? በዚህ ሰፈር ስኖር ሁለቱንም ለምጃለሁ፤ የሚሻልሽን ውሰጂ። ሕፃኗን «መይሙና» ማለታችሁ አክስትሽን ደስ አሰኝቷታል፤ የእናቷ ስም ነው፤ አውቀሽ ነው። ፎቶዋን አየሁት። አናቷ ያብረቀርቃል፤ ጤነኛ ናት።

እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከመስኮቱ የድሮው ቤታችን የነበረበት ይታያል፤ አሁን መኪና ማቆሚያ ሆኗል። እንደ ሒሳቤ ከሆነ አንድ ነጭ ሚኒባስ ሁልጊዜ አልጋችን ላይ ነው የሚቆመው። ጋሽ ሙለታንም አዲሱን አድራሻ አስጠንቻቸዋለሁ፤ ሕንፃ፣ ፎቅ፣ በር። እሳቸው፣ «ይሄ ጋይም የሚሉት ሰው ሳይመጣ ዲግሪዬን ልታስይዘኝ ነው» ይሉኛል።

«ያቺን ብቸኛ ቫልቭ ለምን አይሸጧትም?» ብለሻል፤ የኢታናን ወሬ ሰምተሽ መሆን አለበት። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ቫልቮቼን ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር የሚሸጥልኝ እሱ ነው። አንድ የባሕር ማዶ ሰብሳቢ የእኔዋን ብቸኛ ቫልቭ ፎቶ አይቶ እንቅልፍ አጥቷል አሉ። ተመሳሳይዋ እሱ ጋ አለችና ሊያጣምራቸው ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ፈላጊ ሁለተኛ አይመጣም» አለኝ ኢታና።

«ጓደኛዋ መንገድ ላይ ናት በለው።»

«አሥራ አምስት ዓመት! ምን ዓይነት መንገድ ነው?»

«ደረጃ የበዛበት።»

ልጁ እየሳቀ ወጣ፤ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። እኔም ተሰማኝ። ዘኪያዬ፣ እኔ እልኸኛ ሆኜ አይደለም። የራሴን ቫልቮች ሁሉ ሸጫለሁ፤ ስሸጥ ደስ ይለኛል፤ የሆነ አገር የሆነ ቤት ውስጥ እንደገና ቀልተው እየዘፈኑ ነው ብዬ አስባለሁ። ያቺ ግን ዕቃ አይደለችም፤ ቃል ናት። እሷን የሸጥኩ ቀን ጋይም አይመጣም ብዬ በአፌ ተናገርኩ ማለት ነው።

ከካርቱም መጣ ስላሉት ሰው የጠየቅሽኝን በሌላ ደብዳቤ እመልሳለሁ። አሁን አክስትሽ ለምሳ እየጠራችኝ ነው።

አጎትሽ

✦

ጎሬ
ሐምሌ 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ምሳው አምስት ዓመት ፈጀ።

ይህን በቀይ የጻፍኩት አውቄ ነው። ክረምቱን ኢታና ለሥራ መቱ መጥቶ እኛ ጋ አደረ፤ የካርቱሙን ሰውዬ ወሬም ከእሱ ሰማሁ። ሰውዬው ቤትዎ ድረስ መጥቶ፣ «የልደታው ሬዲዮ ሠሪ ጋይም ሞቷል፤ መቀበሩን ሰምቻለሁ» ብሎ ነግሮዎት ነበር። እርስዎ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ለእኔ ስለ ዘበኛው ሬዲዮን ይቀልዱልኛል። ለአክስቴም አልነገሯትም አሉ። ብቻዎን ያዙት።

አልተቀየምኩም። እዚህ ዝናብ እየጣለ ነው፤ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምጽፈው። ወደ አስመራ ስልክ ተከፍቷል፣ አውሮፕላንም መብረር ጀመረ ይላሉ። የሰው ልቅሶና ሳቅ እየተቀላቀለ ይሰማል። ቶሎ ብዬ እርስዎን አሰብኩ። ደወሉ? ለማን ደወሉ? መልሱ ምንም ይሁን ምን ይጻፉልኝ። ሞተውም ከሆነ ካርቶኗ የልጃቸው የኬብሮን ናት፤ ልጅቷ ሃያ ዓመት ሆኗታል። ትፈለግ።

መይሙና ሰላም ትላለች። ጠረጴዛ መደብደብ አስተምሬያታለሁ፤ ሁለቴ ፈጠን፣ ዝም፣ አንዴ።

የእርስዎ
ዘኪያ

✦

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ዘኪያዬ፣

ቀይዋ ትገባኛለች። በዚህኛው ፈተና ወድቄያለሁ።

ስለ ካርቱሙ ሰው፤ አዎ፣ እንደዚያ ብሎኝ ነበር። «አንተ ቀብር ላይ ነበርክ?» አልኩት። «የለሁም፣ ሰማሁ» አለኝ። ዘኪያ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሞቷል ብሎ የጣለውን ሬዲዮ ከቆሻሻ እያነሳሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። በወሬ ብቻ የቀበርኩት ዕቃ የለም። አናቱን አያለሁ፣ አሞቀዋለሁ፣ በእርሳስ እነካዋለሁ፣ ከዚያ ነው የምፈርደው። ጋይምን ለምን በወሬ እቀብረዋለሁ? ለአክስትሽ ያልነገርኳት ግን ለሌላ ነው። ብነግራት ታለቅሳለች፤ እሷ ካለቀሰች ነገሩ እውነት ይሆንብኛል። ለአንቺም ያው ነው።

«ለማን ደወሉ?» ላልሽው፤ ለማንም። ሰው ሁሉ ስልክ ሲደውል እኔ የምደውልበት ቁጥር አልነበረኝም። ኢታና በኮምፒውተሩ ስሙን ፈልጎ ብዙ ጋይሞች አገኘልኝ፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ብስክሌት ተወዳዳሪ፣ አንዱ ገና ጥርስ የሚያበቅል። የእኛው የለም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፤ ጋሽ ሙለታ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። «ሕንፃ?» አልኳቸው፤ መለሱ። «ፎቅ?» መለሱ። «በር?» ስላቸው ቁጥሩ ጠፋባቸው። መልሰው፣ «ልጄ፣ እኔ ብሞትስ?» አሉኝ።  ለቀጣዩ ዘበኛ እንዲያስጠኑ ቃል አስገብቻቸው ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ እያሰብኩ ነው። ምክርሽ ልክ ነው። ሞቶ ከሆነ አደራው የልጁ ነው፤ እኔም ዛሬ አለሁ ነገ የለሁም። ስለዚህ ካርቶኗንና ብቸኛዋን ቫልቭ በአንቺ እጅ ላደርጋቸው ወስኛለሁ። አንቺ ከእኔ ይልቅ ዕድሜ አለሽ፤ ኬብሮንን ትፈልጊያታለሽ። ትናንት ከአክስትሽ ጋር አውርደን አንድ በአንድ አየናቸው። የወረቀት ስማቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ነው፤ ሁሉም ያብረቀርቃሉ። ሽቦውን ስመልስ የጋይምን ቋጠሮ ልሠራው ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ለአክስትሽም በመጨረሻ ነገርኳት። አለቀሰች። እኔም እንደፈራሁት

በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ኳሷን ፈልጋ ይሆናል፤ አክስትሽ ልትከፍት ሄዳለች። የት ደረስኩ? እንደፈራሁት

እንደገና ተንኳኳ። ዘኪያ፣ ሁለቴ ፈጠን። ዝም። አንዴ።

ከወንበሬ አልተነሳሁም። እጄ ብቻ ናት የምትሠራው፤ የምሰማውን እጽፍልሻለሁ።

«የጋሽ ሰላሃዲን ቤት ነው?» ትላለች፤ የወጣት ሴት ድምፅ ነው። አማርኛዋ የዛሬ ልጆች አማርኛ አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረው የልደታ አማርኛ ነው፤ እናትና አባቷ ተሸክመውት ሄደው የመለሱት።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ትላለች አክስትሽ።

«ኬብሮን ነኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ናቸው የነገሩን፤ በሩን ረስተውት እያንዳንዱን ቤት እያንኳኳሁ ነው የመጣሁት። አባዬ፣ 'እንዲህ አድርገሽ አንኳኪ፣ የሱ ቤት ከሆነ ይገባዋል' ብሎኛል። ይሄንንም ላከው።»

አክስትሽ ወደ ክፍሉ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ካልሲ አስቀመጠች። የተጣፈ፣ ቡናማ። ውስጡ ጠንካራ ነገር አለ። አልነካሁትም።

«አባትሽስ?» አልኩ። 

«ታች ነው። 'ና እንውጣ' ስለው እምቢ አለ። 'ንገሪው፤ እኔ ሃያ ዓመት መጥቻለሁ፤ የቀረውን አራት ፎቅ እሱ ይጨርስ' ብሏል።»

አክስትሽ መስኮቱን ከፍታ እየጮኸች ነው፦ «ሰላሃዲን! እሱ ነው! አናቱ ነጭ ሆኗል እንጂ ራሱ ነው!»

አናት ሲነጣ ሞት የሆነው ለቫልቭ ነው እንጂ ለሰው አይሠራም። ያኔ አውቶቡሱ አጠገብ ያልሳቅኩለት ሳቅ አሁን መጣብኝ፤ እዚህ ልጨርሰው አልፈልግም፤ ይዤለት ልውረድ